«ልቧ ድንጋይ ነው» ለተባለችው እህታችን

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ዕድሜዬ 34 ሲሆን ከእናቴ ጋር በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ከአምስት ወር በፊት ታናሽ ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተ። የሰማሁት በስልክ ነው፤ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። አስከሬኑን የተረከብኩት፣ ለእናቴ መርዶ የሚነግሩ ሽማግሌዎችን የለመንኩት፣ ድንኳን ያስተከልኩት፣ ገንዘቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። በቀብሩም በሠልስቱም አላለቀስኩም። በሁለተኛው ቀን ወንበር ስቆጥር እግሩ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር አየሁና ሽማግሌ እንዳይወድቅበት ለይቼ አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ አንዲት ጎረቤታችን «ወንድሟ ሞቶ ወንበር ትመርጣለች፤ ልቧ ድንጋይ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አሁን ሌሊት ሌሊት ልቤ እየደለቀ ያነቃኛል፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የምሞት ይመስለኛል። እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር የእሷን ሞት የምሰማ እየመሰለኝ እርዳለሁ። ባለፈው ሰሞን መግነዟን ከሳጥን አውጥታ ልታሳየኝ ስትል «ሟርት አታውሪብኝ» ብዬ ተቆጣኋት። በእውነት ልቤ ደንድኖ ነው? እናቴ ብትሞትብኝስ እንደዚያ ቀን መቆም እችላለሁ? እንደ ልጅዎ ቆጥረው «አንቺ» እያሉ ይመልሱልኝ። እህቱ ነኝ።»

መልስ፦

ልጄ፣ የወንድምሽን ነፍስ ይማር፤ አንቺንና እናትሽን እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ ቁርጥ ያለ መልስ ልስጥሽ፤ ልብሽ አልደነደነም። ወንድሟን በቀበረች ማግስት በመቶ ወንበር መካከል የተሰነጠቀ እግር ያየች፣ አይታም ስማቸውን እንኳ የማታውቀው ሽማግሌ እንዳይወድቁ ያሰበች ሴት ልብ የላትም የሚል ሰው ልብ ምን እንደሚሠራ አልተረዳም። በዚያ ቀን ለወንድምሽ ልታደርጊለት የምትችዪው አንዳች ነገር አልቀረም ነበር፤ ለእሱ የነበረሽ ስስት ወዳገኘው ሰው ዞረ። ጎረቤትሽ ያየችው ደረቅ ዓይንሽን ብቻ ነው፤ እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ያየሁት እጅሽን ነው።

ይሁንና «አይዞሽ፣ ጠንካራ ነሽ» ብዬ ላልፍሽ አልፈልግም፤ ምክንያቱም የዚያ ቀን መረጋጋትሽ ከጥንካሬሽ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። የመጣው ሸክሙን የሚቀበልሽ ሰው ካለመኖሩ ነው። ይህን ለማስረዳት በአገራችን ልማድ ለሐዘንተኛ ሊደረግ የሚገባው፣ ለአንቺ ግን ያልተደረገልሽ ምን እንደሆነ መናገር ይኖርብኛል።

እንደምታውቂው መርዶ በእኛ ዘንድ በድንገት አይነገርም። ሞቱ ማታ ቢሰማም እንኳ ቤተ ዘመድና ጎረቤት ነገሩን በሆዱ ይዞ ያድርና ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል። ከዓመታት በፊት ለገጣፎ አካባቢ ለአንዲት እናት መርዶ ሊነግሩ ከሄዱት ሰዎች መካከል ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ገና ሰላምታ ላይ ሳሉ አንዲት ሴት ምንም ሳትናገር የከሰል ምድጃውን አንሥታ ወደ ጓዳ አስገባች፤ ሌላዋ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ብርጭቆዎች ሰብስባ ከእጅ አራቀች፤ ሁለት ክንደ ብርቱ ሴቶች ደግሞ በእናትየዋ ግራና ቀኝ ተጠግተው ተቀመጡ። ቃሉ ከአፍ የወጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ልማዱ ጉድለት የለውም አልልም፤ ዜናው ሲደበቅ ቀብር ሳይደርስ የቀረ ልጅ፣ ስንብት ያመለጠው ወንድም ብዙ ነው። ነገር ግን በውስጡ ትልቅ ጥበብ አለ፤ ሐዘንተኛው ያለ ፍርሃት መውደቅ እንዲችል ቦታው ይመቻችለታል፤ እንዲረጋጉ የሚጠበቅባቸው ሌሎቹ ናቸው።

አንቺን ግን መርዶው ያገኘሽ በታክሲ ሰልፍ መካከል፣ ከፊትሽም ከኋላሽም የማያውቁሽ ሰዎች ቆመው ነው። ግራና ቀኝሽን የያዘሽ ሰው አልነበረም። እዚያ ብትወድቂ የሚያነሣሽ መንገደኛ አይጠፋም ነበር፤ ሆኖም አስከሬኑን የሚረከብ፣ እናትሽን የሚጠብቅ ሌላ ሰው እንደሌለ በዚያች ቅጽበት ገብቶሻል። ያን ጊዜ ሰውነትሽ ማድረግ ያለበትን አደረገ። ከባድ አደጋ ሲደርስብን አድሬናሊንና መሰል ሆርሞኖች በደማችን ይሠራጫሉ፤ ትኩረታችን ይጠባል፤ ብዙ ሰውም በዚያ ሰዓት ስሜቱ የደነዘዘ፣ የሚያየውም ሁሉ ከሩቅ የሚሆን ይመስለዋል። ይህ በሐዘን የመጀመሪያ ቀናት እጅግ የተለመደ ነገር ነው። እንባ አለመምጣቱ ፍቅር አለመኖሩን አያሳይም፤ እንባ መብዛቱም ፍቅር መብዛቱን አይለካም። በለቅሶ ቤት የሰውን ዓይን እየመረመሩ ማን አለቀሰ፣ ማን አላለቀሰ የሚሉ ሰዎች ሁልጊዜም ያሳዝኑኛል፤ ሐዘንተኛው ከሞቱ ሌላ የእነሱን ፍርድ እንዲሸከም ያደርጉታልና።

ስለ ሰፈራችሁም አንድ ነገር ልበል፤ ጉዳዩን የሚያከብደው እሱ ነውና። እድር በአዲስ አበባ የተመሠረተውና በተለይ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ የተስፋፋው ከየገጠሩ መጥተው ዘመድ በሌለበት ከተማ የሰፈሩ ሰዎች «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» ብለው በመጨነቃቸው ነው። በድሮዎቹ ሰፈሮች፣ በካዛንቺስም በልደታም፣ ይህ ጭንቀት ቀስ በቀስ መልስ አግኝቶ ነበር፤ ጡሩምባ ሲነፋ ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ብረት ድስት እንደሚያወጣ፣ ማን ንፍሮ እንደሚቀቅል ሳይነጋገሩ ይታወቅ ነበር። አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ያሉት የጋራ ቤቶች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበው ሰው ቤቱን ያገኘው በዕጣ ስለሆነ ጎረቤቱም በዕጣ የደረሰው ነው፤ ቤቱን ተከራይቶ የሚኖረውም ብዙ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ብሎክ መኖሩን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ደግሞ ለእድር ስም ለማስመዝገብ ያመነታል። እድሩ ቢኖርም ገና ለጋ ነው፤ ድንኳንና ወንበር አለው፤ ያለ ጥሪ ተነሥቶ ገንዘቡን ካንቺ እጅ የሚቀበል ሰው ግን በዓመታት አብሮነት እንጂ በመተዳደሪያ ደንብ አይገኝም። ስለዚህ ከአያቶቻችን መካከል የመጀመሪያው ወደ ከተማ የገባው ሰው በነበረበት ብቸኝነት ውስጥ ነው አንቺ ወንድምሽን የቀበርሽው። እህቱም፣ አስከሬን ተረካቢም፣ ገንዘብ ያዥም፣ ወንበር ቆጣሪም አንድ ሰው ሲሆን እህትየዋ ወደ ኋላ መቅረቷ አይቀርም።

አሁን ሌሊት የሚያነቃሽ ያች ወደ ኋላ የቀረችው እህት ናት ብዬ አምናለሁ። አባቶቻችን ሐዘን በሠልስት ያልቃል ብለው አላሰቡም፤ አርባና ሰማንያ፣ ከዚያም መንፈቅና ሙት ዓመት ብለው ዓመቱን ሙሉ ሥፍራ ሰጥተውታል። በሙስሊም ጎረቤቶችሽም ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳ ትጠብቃለች። በሥራ ቦታሽና በታክሲ ሰልፍ ላይ ግን ይህን የሚያስታውስልሽ የለም፤ አምስት ወር ሲሆንሽ ሰዉ ሁሉ የጨረስሽ ይመስለዋል፤ አንቺ ደግሞ ገና መጀመርሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ እንኳ ከባድና የማይፈታ ሐዘንን እንደ ሕመም የሚቆጥረው ቢያንስ 6 ወር ሲያልፈውና የዕለት ኑሮን ሲያሰናክል ነው። እንግዲህ በአምስተኛው ወር ማዘንሽ በሽታ አይደለም። የሌሊቱ ነገር ግን መታየት አለበት።

የምትገልጪው የልብ ድለቃ፣ መንቀጥቀጥና «አሁን መሞቴ ነው» የሚል ስሜት ብዙውን ጊዜ የድንጋጤ ጥቃት የሚባለው ነው። ብርቱ ነው፤ ግን አይገድልም፤ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ከጫፍ ደርሶ ይበርዳል። ሲመጣብሽ ልታሸንፊው አትታገዪ። ተነሥተሽ ቁጭ በይ፤ እግርሽን መሬት አስነኪ፤ አየር በአፍንጫሽ አስገቢና ስታስወጪው ካስገባሽበት በረዘመ ጊዜ ቀስ ብለሽ አስወጪው፤ ይህንንም እስኪበርድ ድረስ ደጋግሚው። ነገር ግን እኔ ሐኪም አይደለሁምና ድንጋጤ ነው ብለሽ ከመደምደምሽ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ልብሽን፣ የደምሽን መጠንና የታይሮይድ ዕጢሽን ተመርመሪ፤ እነዚህ ሲታወኩም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። አካልሽ ደህና ሆኖ ሌሊቱ ካልተስተካከለ የአእምሮ ሐኪም ማየት ነው። ለዚህ አማኑኤል ብቻ ነው ያለው የሚሉ አሉ፤ አማኑኤል መሄድም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ይሁንና ጳውሎስን በመሳሰሉ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም በተመላላሽ የሚያክም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ሞትን ሞትን የሚል ሐሳብ አልፎ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን አንድ ቀን እንኳ አትቆዪ፤ ለቅርብ ሰው ተናግረሽ በዚያው ቀን ሂጂ።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ሐዘንተኛ ቤቶች ውስጥ የማየው ነው። ለቅሶ ደራሽ ካለቀ በኋላም ቡናው አይቆምም፤ ማታ አመሻሽ ላይ ሰው ብቅ ሲል እስከ በረካ ይጠጣል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣሽው ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሮሽ ወደ አልጋ ይገባል። ከምሳ በኋላ ያለውን ተይው፤ እንግዳ ማክበር ጠጥተሽ ሳይሆን አፍልተሽም ይሆናል።

ወደ እናትሽ ልመለስ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየኝ እዚህ ነው። እናትሽ መግነዟን ሊያሳዩሽ ሲሉ የተቆጣሽው ከፍቅር ነው፤ ይገባኛል። ሆኖም ሟርት እያወሩ አልነበረም። ኢየሩሳሌም የተሳለመ ሰው መግነዝ ይዞ መምጣቱ፣ ያልሄደውም ዘመድ ልኮ ማስመጣቱ በእናቶቻችን ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ መግነዟን በሳጥን ያስቀመጠች እናት በሞት አልተማረረችም፤ ለልጆቿ አንድ ሥራ ቀንሳላቸዋለች። በገዳማቱ ሥርዓት ደግሞ አንድ ሰው ሲመነኩስ በቁሙ ሳለ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል። ለዓለም ሞቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ተነሥቶ ውኃ ይቀዳል፤ እርሻ ያርሳል፤ ለመጣው እንግዳ ዳቦ ይቆርሳል። የራሱን ፍትሐት በጆሮው ሰምቶ ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው መኖሩን ሳስብ የሞት ስም ሲነሣ ቤቱ ሁሉ ለምን እንደሚሸበር እጠይቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ «አፍሽን ያዢ፣ ስሙን ካነሣሽው ይመጣል» ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ስሙ ስላልተነሣ ሞት ሳይገባበት የቀረ ቤት ግን አላየሁም።

ስለዚህ እናትሽ ጤነኛ በሆኑበት፣ ቀን ላይ፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ «እማዬ፣ ያን ቀን ተቆጥቼሽ ነበር፤ እስኪ አሳዪኝ» በያቸው። የት መቀበር እንደሚፈልጉ፣ ለነፍስ አባታቸው እንዲነገር የሚፈልጉት ምን እንደሆነ፣ ለማን ምን መተው እንደሚፈልጉ ይንገሩሽ። አንድ ልጅ ተቀብሮባቸዋል፤ የእሱ ሞት ያለ አንዳች ዝግጅት ስለመጣ የራሳቸውን ማሰናዳት የፈለጉ ይመስለኛል፤ ይህን ሲከለከሉ ደግሞ ብቻቸውን ያስቡታል። ቤቱ በእሳቸው ስም ከሆነ ስለ ኑዛዜም ተነጋገሩ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ የሚጸናው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ መነበቡና ቀኑ ተጽፎበት፣ ሁሉም ወዲያው ሲፈርሙበት ነው። ሙሉ በሙሉ በራሳቸው እጅ ጽፈው ኑዛዜ መሆኑን ካስታወቁ፣ ቀን ካኖሩበትና በየገጹ ከፈረሙበትም ይጸናል፤ ግን በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በአልጋ ላይ ለሁለት ምስክር የሚነገር የቃል ኑዛዜ የሚያገለግለው ለቀብር ሥርዓትና ለመሳሰሉት ጥቂት ጉዳዮች ብቻ ነው፤ ተናዛዡ በሕይወት ከቆየም በ3 ወር ዋጋ ያጣል። ይህን ሁሉ በጭንቅ ቀን ሳይሆን ዛሬ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚያንቀጠቅጥሽ ፍርሃትም መጨበጫ ሲያገኝ ይቀንሳል። የእናትሽ ግፊት ደህና ሲሆንላቸው መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ ተከታተይ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው «አሁን ተሽሎኛል» ብሎ ሲተወው ነው። ፊታቸው በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ውኃ ለማጠጣትም፣ ነገ ይሻላቸዋል ብሎ ለመጠበቅም ጊዜ አይባክን፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሠራው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ከአራብሳ እስከ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ ግን መኪና ያለው የብሎካችሁ ሰው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ እወቂ፤ ስልኩን ያዢ፤ እንደሚያስፈልግሽም አስቀድመሽ ንገሪው። ይህን ያደረገ ሰው መፍራቱ አይቀርም፤ ስልኩ ሲጮኽ ግን ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

«እንደዚያ ቀን መቆም እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ምናልባት ትችዪ ይሆናል፤ እኔ ግን እንድትችዪ አልመኝልሽም። ሰዎች «ጀግና ናት፣ ወንድሟን በሁለት እግሯ ቆማ ቀበረች» እያሉ ካመሰገኑሽ የሚቀጥለውንም፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም ቀብር ላንቺ ይተዉልሻል፤ አንቺም ምስጋናው እንዳይጠፋ እንባሽን መያዝ ትለምጃለሽ። እንዲህ የኖሩ የቤት ታላቆችን አውቃለሁ፤ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው በራሳቸው ልጅ ሠርግ ላይ እንኳ ሳህን ሲቆጥሩ ይታያሉ። በጭንቅ ጊዜ ተረጋግቶ መገኘት ትልቅ ሀብት ነው፤ ሊኖርም የሚችለው በየተራ ሲያዝ ነው፤ ዛሬ አንቺ ለሌላው፣ ነገ ሌላው ለአንቺ።

በሚቀጥለው ወር የወንድምሽ መንፈቅ ይሆናል፤ ተራ መለዋወጡን ከዚያ ጀምሪው። ወደ እድራችሁ ዳኛ ሂጂና ወንበሩና ድንኳኑ በእድሩ ሰው እጅ እንዲሆን ጠይቂ። ገንዘቡን ለአጎት ወይም ለአክስት ልጅ ስጪ፤ ሲያጎድል ብታዪውም አትንጠቂው። ምግቡን የብሎኩ ሴቶች ይያዙት፤ ልመናውን እንደ ውርደት አትቁጠሪው፤ አብዛኞቹ ያልቀረቡሽ ደፍረው መጠየቅ ስላልቻሉ ነው፤ አንቺ ሁሉን ጨርሰሽ ሲያዩሽ ምን ብለው ይግቡ? ከዚያ ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ እናትሽ አጠገብ ተቀመጪ፤ ሌላ ሥራ አይኑርሽ። እንባ ከመጣ ይምጣ፤ ካልመጣም አትጨነቂ፤ ወንድምሽ ላንቺ ምን እንደነበረ ለሚጠይቅሽ ሰው ተናገሪ።

ያችን ጎረቤትሽን በተመለከተ እንድትከራከሪያት አልመክርሽም፤ ቂም ይዘሽባትም አትቆዪ። ለመንፈቁ ከምትጠይቂያቸው ሴቶች መካከል አንዷ እሷ ትሁን። እምቢ ካለች ሌላ ታገኛለሽ፤ እሺ ካለች ግን ያን ቀን ምን እየተሸከምሽ እንደነበር ድስቱን አብራሽ ስታነሣ ይገባታል።

የሐኪም ቀጠሮውን ከመንፈቁ በፊት አድርጊው፤ ከዚያ በኋላ በድካም ታስተላልፊዋለሽ። ውጤቱንም ከእናትሽ ጋር የተነጋገራችሁትንም ጽፈሽ ላኪልኝ፤ በዓምዱ ላይ እንዲወጣ ካልፈለግሽ ከደብዳቤው አናት ላይ አመልክቺ፤ ለአንቺ ብቻ እመልሳለሁ።